በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ሞተው ልጃቸውን ስለዳሩት ጋሽ ሀብተ ማርያም

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ኢያሱ
የሦስቱ እድሮች ኅብረት የመረጃና ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ
ቦንጋ

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎም፣ ደም ግፊትዎም፣ በቅርቡ ሪባን የቆረጡለት አዲሱ ኮምፒውተርም ሁሉም በያሉበት ደኅና እንደሆኑ ከልብ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ጠባብ ቢሮዬ ፕሮግራም እየጻፍኩ የምኖር የኅብረቱ አባል ሩሀማ ዓለሙ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። በግል የጻፍኩልዎት ደብዳቤዎች በሥራ ብዛትዎ ምክንያት መልስ ሳያገኙ ስለቀሩ፣ ይህኛው ብዙ ሰው ካነበበው ምናልባት ለእርስዎም ይደርስ ይሆናል ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። በኅብረታችን ውስጥ ሰው ሲሞትም ልጅ ሲዳርም ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ትልልቁን ድስት የሚያቀርበው እድሩ ነው። ድሮ የሚያስታውቀን ጥሩምባ ነፊ ነበር፤ አሁን ምስጋና ለእርስዎ ይሁንና በስልካችን አጭር መልእክት ይደርሰናል። የኅብረቱ ጸሐፊ አፀደ የአባሉን ስም ትጽፋለች፣ ጉዳዩ ሐዘን ይሁን ሰርግ ትመርጣለች፣ «ላክ» የሚለውን ትጫናለች፤ የቀረውን ኮምፒውተሩ ይሠራዋል። እንግዲህ እኔ የማመሰግንዎት ኮምፒውተሩ ስለሠራው ስለዚህ ስለቀረው ነው።

አንደኛ፣ ጋሽ ሀብተ ማርያምን ስለገደሉልን አመሰግናለሁ።

በዚያ በጥር ወር ቅዳሜ ማለዳ አፀደ የጻፈችው፣ «የእድራችን አባል አቶ ሀብተ ማርያም ልጃቸውን ስለሚድሩ ድንኳን በመኖሪያ ቤታቸው ተተክሏል» የሚል ነበር። በሁላችንም ስልክ ላይ የደረሰው ግን፣ «የእድራችን አባል አቶ ሀብተ ማርያም ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ ድንኳን በመኖሪያ ቤታቸው ተተክሏል» ይላል። የድንኳኑ ነገር እውነት ነበር።

ጋሽ ሀብተ ማርያም ሒሳብ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ እያለቀስኩ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ፤ ሹፌሩ ሰሚር ለማን እንደማለቅስ ሲሰማ እሱም መሐረቡን አወጣ፤ የእሱም አስተማሪ ነበሩ። ስንደርስ ግቢው በለቅሶ ተናውጧል። ሟቹ ግን ጃኖ ጋቢያቸውን ደርበው መሀል ግቢ ቆመው የድንኳኑን ገመድ ለሚወጥሩት ሰዎች ትእዛዝ ይሰጣሉ። ለካ ለቅሶውን ሲሰሙ ጎረቤት የሞተ መስሏቸው እሳቸውም አብረው ማልቀስ ጀምረው ነበር።

«ማን ነው የሞተው?» አሉ፣ ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረው።

ዓይናቸው እኔ ላይ ሲያርፍ እንደ ድሮው ክፍል ውስጥ ያስነሱኝ መሰለኝና፣ «እርስዎ ነዎት ጋሼ» አልኩ።

የተሳሳተ መልስ የሰጠች ተማሪ እንደሚያዩ አዩኝ። «መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት፣ በስልክ።»

ስልኬን ተቀብለው መልእክቱን እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና፣ «በሉ ግቡ፤ ሟቹም ቁርስ አልበላም፣ አብረን እንብላ» አሉ። ሙሽራዋ አብነት ከጓዳ ወጥታ አባቷን አንዴ፣ እኛን አንዴ አይታ እንባዋና ሳቋ ተቀላቀለባት። ሰሚርም ሲመልሰኝ ለለቅሶ የማልቀበለውን ሒሳብ ለሰርግ እቀበላለሁ ብሎ አስከፍሎኛል። ለዚህም ቅሬታዬን በእርስዎ በኩል አቀርባለሁ።

ሁለተኛ፣ የደካውን ወንድማቸውን ስላመጡልን አመሰግናለሁ።

ጋሽ ሀብተ ማርያም ደካ በሚባል ስፍራ የሚኖሩ ታላቅ ወንድም እንዳላቸው ብዙዎቻችን ረስተነው ነበር፤ ጋሽ ገብረሚካኤል ይባላሉ። ሁለቱ ከአባታቸው በወረሱት ጫካ ውስጥ ባለ አንድ የቀፎ መስቀያ ዛፍ ምክንያት ተጣልተው ሰላምታ ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል። አንዱ ሲታመም አንዱ አልጠየቀም፤ የአብነትም የሰርግ ጥሪ ደካ አልደረሰም። የሞቱ ዜና ግን ደረሰ፤ መልእክቱን ያየ አንድ ዘመድ ደውሎ ነገራቸው። ቦንጋ ላይ ስህተቱ ታውቆ ሁሉም ሲስቅ፣ እሳቸው ስልካቸው ባትሪ ጨርሶ፣ ሚኒባስ ሙሉ ዘመድ አስከትለው ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ናቸው።

እሑድ፣ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ገብቶ ጭፈራው ሲደምቅ፣ ከበሩ በኩል የለቅሶ ድምፅ መጣ። ጋሽ ገብረሚካኤል በካፊኖኖ ቋንቋ የወንድማቸውን ስም እየጠሩ፣ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። ጨፋሪው ቀስ በቀስ መንገድ ለቀቀላቸው። ድንኳኑ መሀል ሲደርሱ ወንድማቸው አዲስ ሱፍ ለብሰው፣ ደረታቸው ላይ አበባ ሰክተው ተቀምጠዋል። ሽማግሌው ባሉበት ቆሙ። ሙዚቃውን ያጠፋው ማን እንደሆነ አላውቅም።

ጋሽ ሀብተ ማርያም ተነሡ። «ለቀብሬ ነው የመጣኸው?»

«ለሰርጉማ አልጠራኸኝም።»

«ብጠራህ ትመጣ ነበር?»

ጋሽ ገብረሚካኤል፣ «አልመጣም ነበር» አሉ።

«እኔም ሞተሃል ቢሉኝ ነበር የምመጣው» አሉ ታናሽየው፤ ሄደውም አቀፏቸው። ተቃቅፈው ሲቆሙ የሙሽራው ሚዜዎች ሳይቀሩ ያለቅሱ ነበር። ከደካ የመጡት ሰዎች ለለቅሶ ያዘቀዘቁትን ነጠላ እንደገና ለሰርግ አስተካክለው ለብሰው፣ እስኪመሽ ድረስ ከማንም በላይ ጨፈሩ።

ይህን ሳስታውስ አሁንም ደስ ይለኛል። አቶ ኢያሱ፣ እዚህ ላይ ምስጋናዬ እውነተኛ ነው፤ እባክዎ ከሌሎቹ ለይተው ያስቀምጡት።

ሦስተኛ፣ ስለ ኮምፒውተሩ ፍጥነት።

ሰኞ ዕለት አፀደ ቢሮዬ መጣች። «እኔ ሰርግ ነው የመረጥኩት፤ አቶ ኢያሱ ግን የእጄ ስህተት ነው ብለው ማስጠንቀቂያ ሊጽፉብኝ ነው» ብላ ከፊቴ ተቀመጠች። ስለዚህ ፕሮግራሙን ከፍቼ አነበብኩት።

ያገኘሁት ይህ ነው። «ላክ» ሲባል ፕሮግራሙ መጀመሪያ፣ የእድር ዋና ሥራ ሐዘን ነውና፣ የሐዘን ቃል ያለበትን ረቂቅ ፋይል ይጽፋል። ጉዳዩ ሰርግ ከሆነ ወዲያው በዚያው ፋይል ላይ የሰርጉን ቃል ይተካል። ሌላኛው፣ መልእክት የሚልከው ፕሮግራም ደግሞ ፋይሉን አንብቦ ይይዝና ከመላኩ በፊት፣ ካነበብኩት ወዲህ ተለውጧል ወይ ብሎ ፋይሉ የተጻፈበትን ሰዓት ያያል። ሰዓቱ ከተለወጠ እንደገና ያነባል፤ ካልተለወጠ በእጁ ያለውን ይልካል። ችግሩ የሚያየው እስከ ሰከንድ ብቻ መሆኑ ነው። አሮጌው ኮምፒውተር እያቃሰተ ስለሚሠራ ረቂቁን በአንዱ ሰከንድ፣ እርማቱን በሌላው ይጽፍ ነበር፤ ሰዓታቸው ስለሚለያይም ሁልጊዜ ትክክለኛው ይላካል። አዲሱ ግን ሁለቱንም በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ጨረሳቸው። ላኪው ሰዓቱን ሲያይ ያው ነው፤ ምንም አልተለወጠም ብሎ የሐዘኑን ቃል ለቀቀው። ጋሽ ሀብተ ማርያም የሞቱት በእርስዎ ኮምፒውተር ፈጣንነት እንጂ በአፀደ እጅ አይደለም።

የሚያስቀው፣ ኮምፒውተሩ የእያንዳንዱን ፋይል ሰዓት ከሰከንድ በታች ዘጠኝ አሃዝ ድረስ፣ እስከ ናኖሰከንድ፣ ጽፎ አስቀምጧል። ፕሮግራሙ ነው ሰከንዱን ወስዶ ዘጠኙን አሃዝ የሚጥለው። የአባሉን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ነግረውት «ሰሚር» ብቻ ብሎ እንደሚጽፍ፣ ከዚያም ከሰሚሮች መካከል የትኛው እንደሆነ እንደሚጠፋበት ሰው ማለት ነው።

አራተኛ፣ በቢሮዎ ስለተደረገልኝ ትምህርታዊ ገለጻ።

የተጣሉትን አሃዞች እንዲያነብ ፕሮግራሙን አስተካክዬ፣ አፀደንም አስከትዬ፣ እንዲጫን ፈቃድ ልጠይቅ ወደ እርስዎ ስመጣ ወንበር ሰጥተው በትዕግሥት አዳመጡኝ። ናኖሰከንድ ማለት የአንድ ሰከንድ ቢሊዮንኛ ክፍል ነው ስልዎት፣ ስልክዎን አውጥተው መቁጠሪያውን ከፍተው አስጀመሩትና ወዲያው አቆሙት።

«ይኸው፣ በተቻለኝ ፍጥነት ነው የተጫንኩት» አሉኝ። «ከዚህ በታች ባለ ጊዜ ውስጥ ሰው ምን ይሠራል?»

«ሰው አይደለም፣ ኮምፒውተሩ ነው የሚሠራው።»

«ኮምፒውተሩ የማን ነው?»

«የኅብረቱ።»

«እንግዲያው በኅብረቱ ፍጥነት ይሥራ» ብለው ጉዳዩን ዘጉት።

ይህን አነጋገር ከዚያ ወዲህ ለብዙ የሙያ ጓደኞቼ ነግሬያቸዋለሁ። ሁሉም አክብሮታቸውን እንዳደርስላቸው ጠይቀውኛል። በአፀደ ላይ ሊጽፉ ያሰቡትን ማስጠንቀቂያም በማግስቱ ወደ «የቃል ምክር» ዝቅ ስላደረጉላት፣ በሌላ ሰው ጥፋት በቃል ብቻ በመመከሯ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም።

አምስተኛ፣ ስለ አንድ ጥሩ ጥያቄዎ።

ደግሜ በመጣሁ ጊዜ ዘጠኙን አሃዝ በወረቀት አትሜ አሳየሁዎት። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አይተው፣ «ይሄ ሁሉ አሃዝ እውነት ነው ወይስ ለማሳመር ነው?» አሉኝ። እዚያው ከት ብዬ ሳቅሁ፤ ስለሳቅሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ምክንያቱም ቢሮዬ ገብቼ ደግሜ ደጋግሜ ስሞክረው፣ አልፎ አልፎ ረቂቁና እርማቱ እስከ መጨረሻዋ አሃዝ ድረስ አንድ ዓይነት ሰዓት ይዘው ተገኙ። ኮምፒውተሩን የሚያስኬደው ዋና ሥርዓት ፋይል በተጻፈ ቁጥር ናኖሰከንድ የሚቆጥረውን ሰዓት አያይም ለካ። በሰከንድ ሺኛ ክፍሎች እየተራመደ የሚሄድ ሌላ ሰዓት አለው፤ በአንድ እርምጃ ውስጥ ለተጻፉት ፋይሎች ሁሉ አንድ ዓይነት ማኅተም ይመታላቸዋል። አሃዙ ዘጠኝ ነው፣ ዝላዩ ግን ሰፊ ነው። መጠሪያው ረጅም ሆኖ እርምጃው ያዘገመ ነገር ቢሮዎች ውስጥ ብዙ አይቻለሁና መገረም አልነበረብኝም።

ስለዚህ መንገዱን ቀየርኩት። ረቂቁ በሌላ ስም ይጻፋል፤ እርማቱ አልቆ ሲዘጋ ብቻ ላኪው የሚያውቀው ስም ይሰጠዋል። ያላለቀ ነገር ላኪው ዓይን ሥር አይገባም። በዚያ ላይ ሰከንዱን ብቻ ሳይሆን ናኖሰከንዱን፣ የፋይሉን መጠንና የፋይሉን መለያ ቁጥር አብሮ ያያል። ከዚህ በኋላ አፀደና እኔ ቢሮዬ ውስጥ በሙከራ ቀኑን ሙሉ ሰው ስንድር ብንውል አንድም አልሞተብንም። የጥያቄዎ ፍሬ ነውና ልነግርዎት ደስ ብሎኝ መጣሁ። እርስዎም፣ «አየሽ፣ ናኖ እንደማይሠራ ነግሬሽ ነበር» ብለው ጉዳዩን ለሁለተኛ ጊዜ ዘጉት።

ስድስተኛ፣ ስለ ሪፖርትዎ።

በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ባነበቡት ሪፖርት፣ «በሥርዓቱ የተገኙ ውጤቶች» በሚለው ሥር፣ «የመልእክት ሥርዓታችን ለረጅም ጊዜ ተቆራርጠው የቆዩ ወንድማማቾችን በማስታረቅ ለሰላም ግንባታ የበኩሉን አስተዋጽኦ አድርጓል» የሚል ሰምተናል። ያጨበጨብነው እኛው ነን፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ ሳቄን የምደብቅበት ሌላ ነገር በእጄ አልነበረም። በዚያው ሪፖርት ሥርዓቱ ባለበት እንዲቀጥል ወስነዋል።

አቶ ኢያሱ፣ እስካሁን የሳቅሁትን ያህል ስቄ ደብዳቤውን እዚህ ላይ ብዘጋው ደስ ባለኝ። ግን ከጉባኤው በኋላ በነበረው ሳምንት የኅብረታችን አባል አቶ ወንድማገኝ አረፉ። መልእክቱ መጣ። ትክክለኛ መልእክት ነበር፣ አንድም ፊደል አልተሳሳተም። የሆነው ግን ይህ ነው፤ መንደሩ መልእክቱን አይቶ ሳቀ። ገበያ ላይ «ይሄ ደግሞ የማን ሰርግ ይሆን?» ተባለ፣ ባጃጅ ውስጥ ተባለ፣ መምህራን ክበብ ውስጥ ተባለ። ሰው ሥራውን ቀጠለ።

ባለቤታቸው እትዬ አስካለማርያም ረፋዱ ላይ ባዶ ወንበር በተደረደረበት ድንኳን ውስጥ ከልጆቻቸው ጋር ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። መጀመሪያ የገቡት ጋሽ ሀብተ ማርያም ናቸው። ወንድማቸው ለጥየቃ ከደካ መጥተው እሳቸው ዘንድ ሰንብተው ነበርና ሁለቱ አብረው ገቡ። ድንኳኑን አይተው ምን እንደሆነ ገባቸው። ጋሽ ሀብተ ማርያም ውጭ ወጥተው፣ ዝናቡ እያካፋ፣ አጥር ተደግፈው ለሚያውቋቸው ሰዎች ሁሉ ደወሉ። ለእኔም ደወሉልኝ። «ሩሀማ፣ የዛሬው እውነተኛ ነው፤ ነይ» ብቻ ነው ያሉኝ። የቀብሩ ሰዓት ሲደርስ ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆሟል።

ሰው ከሸኘን በኋላ እትዬ አስካለማርያም እጄን ይዘው፣ «ጠዋት ማንም ሳይመጣ ሲቀር፣ ሰው እንዲህ የጠላን ምን አድርገነው ነው እያልኩ ስቆጥር ነበር» አሉኝ። ስለ ሰከንድና ስለ ፋይል ልነግራቸው አልቻልኩም። የኅብረቱ ሰብሳቢ እትዬ አልጣሽ አጠገባችን ነበሩ፤ እሳቸውም ሰምተዋል።

አክባሪዎ ይህን ሁሉ የምጽፈው ለዚህ ነው። ጋሽ ሀብተ ማርያምን መግደልዎ ይቅር ይባላል፤ እሳቸው ራሳቸው ይቅር ብለዋል፣ እንዲያውም የሞቱበትን መልእክት አትመው ሳሎን ሰቅለውታል። እድር ሞት ሲናገር ሰው እንዲስቅ ማድረግ ግን ቀላል ነገር አይደለም። የኅብረቱ ድንኳን ቢቀደድ ይሰፋል፤ ወንበሩም ቢሰበር ይጠገናል። ቃሉን ከሳቅ ለማስመለስ ምን እንደሚደረግ እኔ አላውቅም፤ ፕሮግራም አይጻፍለትም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ እለምናለሁ። የመጀመሪያው፣ ከሪፖርቱ ላይ የሰላም ግንባታውን መስመር እንዲያነሡልን ነው። እርቁ የሁለቱ ሽማግሌዎች ነው፤ ይተውላቸው። ሁለተኛው፣ በሚመችዎት ቀን እትዬ አስካለማርያም ቤት ጎራ ብለው፣ ጠዋት ሰው የቀረው በምን ምክንያት እንደሆነ በራስዎ አንደበት እንዲነግሯቸው ነው። ናኖ የሚለውን ቃል መጥራት አያስፈልግዎትም። የእኛ ስህተት ነበር ማለት ይበቃል። ስለ ፕሮግራሙ ፈቃድ ግን ከእንግዲህ አልጠይቅዎትም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ያሳዩኝ ጽናት ልቤን አሳርፎታል።

ወገብዎን ጠንከር፣ ግፊትዎን ዝቅ፣ ኔትወርክዎን የማይቆራረጥ ያድርግልዎት እያልኩ፣ በትሕትና እጅ ነስቼ፣ በሮቹን ሁሉ በዝግታ ዘግቼ እወጣለሁ።

የዘወትር አክባሪዎና የማትታክት ጠያቂዎ
ሩሀማ ዓለሙ
የካቲት 2017 ዓ.ም.፣ ቦንጋ

ግልባጭ፦
ለእትዬ አልጣሽ፣ የኅብረቱ ሰብሳቢ
ለአፀደ፣ በቃል ለተመከረችው
ለጋሽ ሀብተ ማርያም፣ በሕይወት ላሉት

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ እትዬ አልጣሽ አንድ ነገር እንድነግርዎ ፈቀዱልኝ። እርስዎ ለሥልጠና ጅማ በሄዱበት ሳምንት፣ በእሳቸው ትእዛዝና በፊርማቸው፣ አፀደና እኔ አሮጌውን ፕሮግራም አንሥተን የተስተካከለውን ጭነናል። ከጅማ እንደተመለሱ ለመላው አባል ያስተላለፉት፣ «ነባሩ ሥርዓት ያለ አንዳች ለውጥ በአስተማማኝ ሁኔታ በመሥራት ላይ ይገኛል» የሚለው መልእክትዎ የተላከው በአዲሱ ነው። አንድም ቃል ሳይዛነፍ ለሁላችንም ደርሶናል።